ዳቦ ጋጋሪዋን ማን አመጣት?

«ይህች ዳቦ ጋጋሪ ማን ናት?» አሉ መምህርቷ።

የታረሙት የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል። መምህርቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተማሪዎቹን በየተራ ያያሉ። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሲቆጡ ይጮኻሉ፣ ጩኸቱ ያልፋል፣ ከዚያ ይረሱታል። ዛሬ ግን የጠየቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት እንዳልሆነ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

«ይህን ልቦለድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬዋለሁ» ሲሉ ቀጠሉ። «ጀልበኛውን አውቀዋለሁ። ሚስቱን አውቃታለሁ። ከንቲባውንም፣ ያንን ነገረኛ ፀጉር አስተካካይም አውቃቸዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ጀልባው ላይ ወጥታ ‹አሻግረኝ› የምትል ዳቦ ጋጋሪ ግን አንድም ቀን አጋጥማኝ አታውቅም። እናንተ አርባ ሁለታችሁ አግኝታችኋታል። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ወረቀት ላይ ነጭ ሻርፕ ለብሳለች።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቅቶት ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ሳል አስመሰለው።

መስኮቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አልሳቀችም። ጆሮዋ ጋለ። ነጩን ሻርፕ ያለበሰቻት እሷ ናት። ዱቄት የለመዱትን እጆቿንም፣ ጀልባው ላይ ስትወጣ ቀሚሷን የሰበሰበችበትንም ሁኔታ የፈጠረችው እሷው ናት።

የክፍሉ ልጆች «ሬዲዮ» ይሏታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ልቦለድ የቀረው አራት ቅጂ ብቻ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽኖችም አራት ናቸው። አንድ መጽሐፍ ለአርባ ሦስት ተማሪ! መምህርቷ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይነበባል ብለው ያምናሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ በየሴክሽኑ አንድ ሰው ያነባል፣ ለሌላው በእረፍት ሰዓት ይተርካል፣ ሁሉም ከሰማው ተነስቶ ይፈተናል። ታላላቆቻቸውም ያለፉት በዚሁ ነው።

የክፍል አለቃው መጽሐፉን ይዞ «ማን ያንብብ?» ባለ ጊዜ ሁሉም ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እሷ ዓይኗን ቶሎ አላነሳችም፤ መጽሐፉ እጇ ላይ ወደቀ። እስከዚያች ቀን ድረስ ቅጽል ስም አልነበራትም። በዚያ ክፍል ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ ስም ያልወጣለት ማለት ማንም ልብ ያላለው ማለት ነው። እሷን ሲፈልጓት «አንቺ» ይሏታል፤ የሚፈልጓትም ማስመሪያ ሲጠፋባቸው ነው።

መጀመሪያ ቀን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አምስት ልጆች ተቀምጠው ሰሟት። በሦስተኛው ቀን አሥራ ስምንት ሆኑ። በሁለተኛው ሳምንት መቀመጫ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠል ነበር። ትችልበታለች። ከንቲባውን ስታወራ ሆዷን ወደፊት ትገፋለች፣ ፀጉር አስተካካዩን ስታወራ በአፍንጫዋ ትናገራለች፣ ጀልበኛው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ታወርዳለች። «ሬዲዮ ተከፈተ!» ይላል አለቃው፤ ሁሉም ዝም ይላል። «አቦ ሬዲዮ፣ ነፍስ ነሽ!» ይላሉ ስትጨርስ።

ከዚያ ደወል ይደወላል። ልጆቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ይገባል። እሷ መጽሐፉን በደረቷ ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች። «ከትምህርት ቤት ስንወጣ አብረን እንሂድ» ብሏት የሚያውቅ የለም። የሬዲዮ ነገር እንዲህ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል? ቢሆንም ያቺ ሃያ አምስት ደቂቃ የሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ለሃያ አምስት ደቂቃ ትኖር ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ስታነብ፣ ከገጽ 112 ቀጥሎ 129 መጣ። አሥራ ስድስት ገጽ የለም። ክሩ ለቆ ጥራዙ እንዳለ ወድቋል፤ መቼ እንደወደቀ የሚያውቅም የለም። ገጹ የጠፋውም ከየትም ቦታ ሳይሆን ልብ ከሚሰቀልበት ቦታ ነው። ከተማው ያባረረውን ሰው በጀልባው ስላሻገረ፣ ጀልበኛውን ሁሉም አድመውበታል። ማንም ጀልባው ላይ እንዳይወጣ፣ ማንም ሰላም እንዳይለው ተስማምተዋል። ገጽ 112 ላይ ጀልበኛው በማለዳ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ገጽ 129 ላይ ሳምንት አልፎታል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አይነሳም።

በማግስቱ ለመምህርቷ መንገር ትችል ነበር። ግን በእረፍት ሰዓት ሁሉም ይጠብቋታል። «ገጹ የለም፣ አላውቅም» ብትላቸው ተነስተው ይሄዳሉ፤ ሰኞ ደግሞ ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪዋን አመጣቻት። ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ ዳቦ ጋጋሪዋ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን አቋርጣ መጣች፣ ጀልባው ላይ ወጣች፣ «አሻግረኝ» አለች። ሁለት ሴት ልጆች አለቀሱ። አለቃው ራሱ «ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ» አለ። በዚያ ቀን ነፋስ የሚባል አልነበረም።

«አንድ ወረቀት ብቻ ይለያል» አሉ መምህርቷ አሁን፣ ከቁልሉ ላይ አንዱን አንስተው። «ጥያቄው ምን ነበር? ከብዙኃኑ ጋር መስማማትና መጋጨት የገጸ ባሕርያቱን ግንኙነት እንዴት እንደለወጠው አስረዱ ነበር ያልኩት። ስሙ፤ ‹ያን ቀን ማንም አልመጣም። ጀልበኛው ከከተማው ጋር አልተጣላም፤ ከተማው ግን እርስ በርሱ እየተፈራራ አንድ ሆነ።›» ወረቀቱን መለሱት። «አርባ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሕልም አያይም። ይህ ኩረጃ ነው። እስከ ሐሙስ ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ከሌለ አርባ ሁለታችሁም ዜሮ ናችሁ፤ ወላጅም ትጠራላችሁ።»

የማን ወረቀት እንደሆነ አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። አርባ ሁለት አንገት ወደ ኋላ ዞረ።

መጨረሻው ዴስክ ላይ ለብቻዋ የምትቀመጠው ልጅ «ደረቋ» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ባለፈው ዓመት ክፍሉ በሙሉ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለመቅረት ተስማምቶ ሲወጣ እሷ ብቻ ቁጭ ብላ ስለተገኘች ነው። «ለምን አልወጣሽም?» ሲሏት «ሒሳብ ስለነበረን» ነው ያለችው። ትረካውንም ልትሰማ አንድም ቀን ደረጃው ላይ መጥታ አታውቅም። «ራሴ ላንብበው» ብላ ያን ዓርብ ከሬዲዮ እጅ መጽሐፉን ተውሳ ነበር። ሰኞ ስትመልሰው እንዲህ አለች፦

«አሥራ ስድስት ገጽ የለውም።»

«አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ።

«ታዲያ ዓርብ ዕለት የተረክሽላቸው ምንድን ነው?»

ሬዲዮ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረቋም መልስ አልጠበቀችም፤ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለችም። ሬዲዮ ግን ከፈተናው በፊት ነገሩን ለማስተካከል ስንት ጊዜ አስባ ስንት ጊዜ ተወችው! የሷው ወረቀት ላይ እንኳን ዳቦ ጋጋሪዋን ጻፈቻት። ሌላ የምታውቀው አልነበረማ።

እረፍት ሲደወል አለቃው በሩ ላይ ቆመ። «ማንም እንዳይወጣ! ሬዲዮ፣ መጽሐፉን አምጪው።»

አለቃው ክፉ ልጅ አይደለም። ቀልደኛ ነው፣ ሰው ሲታመም ማስታወሻ ገልብጦ ቤት ድረስ ይወስዳል። ዛሬ ግን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም፤ አባቱ ስለ ዜሮ ቢሰሙ ምን እንደሚከተል ያውቃል። መጽሐፉን ገለጠ፣ አገላበጠ፣ ቆመ።

«ተቀዷል!»

ሁሉም ተንጋግቶ መጣ። አንዷ «ደረቋ ወስዳው አልነበር?» አለች። ሌላዋ «እኔ ራሴ ስትመልሰው አይቻለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር መሄድ ጀመረ። ቀድዳው ነው። እኛ እንድንወድቅ ነው። እሷ ብቻ እንድታልፍ ነው። ለቲቸርም የነገረችው እሷ ናት። እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ላይ ትንሽ እየጨመረ ይቀባበላል። ደረቋ በዚህ መሃል ቦርሳዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች፤ በሩ ላይ ገለል ብለው አሳለፏት፣ እንዳትነካቸው የፈሩ ይመስላሉ።

አለቃው ወደ ሬዲዮ ዞረ። «አንቺ ከሷ በፊት ነው ያነበብሽው። ያኔ ገጾቹ ነበሩ። አይደል?»

አርባ አንድ ፊት ያያታል። በደረጃው ላይ እንደሚያዩዋት፣ አፏን እየጠበቁ። ከአጠገቧ ያለችው ልጅ ክንዷን ያዘቻት፤ ከዚህ በፊት ክንዷን ይዛ አታውቅም።

«ነበሩ» አለች ሬዲዮ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ ሦስት ልጆች እስከ ማዞሪያው ድረስ ሸኟት። ይሄው፣ ስትመኘው የኖረችው ነገር! ልጆቹ እያወሩ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች፤ የምታስበው ግን ስለ ደረቋ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከአትላስ ላይ ካርታ ቀድዶ ተገኝቶ ሙሉ ሴሚስተር ታግዷል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ ናቸው። እናቷ መጋረጃ ይሰፋሉ። አንድ ክፍል ተኩል የሆነችው ቤታቸው የሰው መጋረጃ ተንጠልጥሎባት መሄጃ የላትም፤ የራሳቸው መስኮት ላይ ያለው አሮጌ አንሶላ ነው። «ሲመቸኝ እሰፋዋለሁ» ይላሉ በየዓመቱ። ልቦለዱን በየቀኑ ማታ ማታ እሳቸውም ሰምተውታል፤ ሬዲዮ ነገ የምትተርከውን መጀመሪያ የምትለማመደው በእናቷ ላይ ነው።

«ፈተናው ተመለሰ?» አሉ፣ ስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ።

«ገና ነው።»

«ያንን ጫፍ ያዥልኝ። ያቺ ዳቦ ጋጋሪ ከዚያ በኋላ የት ገባች? ሳትነግሪኝ ቀረሽ።»

«የትም። ከዚያ በኋላ የለችም።»

እናቷ ስፒሎቹን አውጥተው ጨርቁ ላይ ሰኩ። «እኔ እኮ የሷ ነገር አልተዋጠልኝም። ደራሲው ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ግን አያውቅም።»

«እንዴት?»

«አንቺ ሁለት ዓመትሽ እያለ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተባርሬያለሁ፤ ነግሬሽ አላውቅም?» አልነገሯትም። «አንድ ጥቅል ጨርቅ ጠፋና እኔ ላይ ተላከከ። ጥቅሉ ከትላንትናው ጭነት ጋር በስህተት ሄዷል፤ የጫኑት አብረውኝ የሚሠሩት አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፣ በእጃቸው። ተቆጣጣሪው መሃላችን ቆሞ ‹ማን ነው የወሰደው?› ሲል ቀና ብዬ አየኋቸው። ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? መኪናዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መስፋት ጀመሩ።» እናቷ ሳቁ። «ጨርቅ ያልገባባቸውም ጭምር! ዝም ብሎ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ምንም ሳይሰፋ።»

«ጠላሻቸው?»

«ኧረ ምን ብዬ ልጥላቸው! ልጆች አሏቸው፣ ኪራይ አለባቸው። እኔስ በነሱ ቦታ ብሆን…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት። «ብቻ ዳቦ ጋጋሪ አልመጣችም። እሱን ነው የምልሽ። ያዥው እንጂ፣ እየተጎተተ ነው!»

ሬዲዮ ጫፉን ያዘች። የማታውቀው ሰው መስኮት ላይ የሚሰቀለውን መጋረጃ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እናቷ እስኪጨርሱ ድረስ ቆመች። ለመናገር አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ የመኪናው ድምፅ ቀደማት።

ረቡዕ ደረቋን ዘጓት። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ስብሰባ ጠርቶ አይወስነውም። ዴስኳ ከሌላው ዴስክ በአንድ ክንድ ራቀ፤ ማን እንደሳበው አልታወቀም። የቡድን ሥራ ሲሰጥ አራት ቡድን «ሞልተናል» አላት። ከጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ማየት አቅቷት «ሦስተኛው መስመር ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች፤ ማንም ዞር አላለም። ጥያቄው አየር ላይ ቀረ። ሬዲዮ ሦስተኛውን መስመር ታየዋለች። ምን እንደሚልም ታውቃለች። አልተናገረችም።

ከትምህርት በኋላ የሚሸኟትን ልጆች «እናቴ ልካኛለች» ብላ ሸሸቻቸውና ወደ ሕዝብ ንባብ ቤት ሄደች። የንባብ ቤቱ ሠራተኛ ቦርሳዋን ተቀብለው ቁጥር ሰጧት፤ የመጽሐፉን ስም ስትነግራቸው «ዘንድሮ ምን ነክቷችኋል? ሰሞኑን ሌላም ልጅ ስትወስደው ነበር» አሉ። ሬዲዮ ጥግ ይዛ ገጽ 113ን ገለጠች።

ማንም አልመጣም። አሥራ ስድስቱ ገጽ ይኸው ነው። የከተማው ሰው ወንዙን ላለመሻገር የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ በላይኛው ድልድይ ይዞራል። አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ዕቃ የተሸከመ፣ ሁሉም በጀልበኛው ፊት ያልፋል፤ ሁሉም ጫማውን እያየ ያልፋል። ጀልበኛው በማንም ላይ አይጮህም። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በልቡ ስሙን ይጠራል፤ መቼ እንዳሻገረው፣ ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ፣ ያስታውሳል። ሬዲዮ አንብባ ጨርሳ ወደ ገጽ 113 ተመለሰች። ዳቦ ጋጋሪዋ ካለችበት የሷ ታሪክ ይልቅ ይህኛው አመማት። ክፍል ውስጥ ያለፈችበትንም፣ ትላንት ራሷ ያደረገችውንም ደራሲው ያወቀው መሰላት።

ቀና ስትል ደረቋ ማዶ ካለው ጠረጴዛ ሒሳብ ትሠራለች። መቼ እንደገባች አላየቻትም። ሬዲዮ ተነስታ ሄደች፤ መቀመጥ ግን ከበዳት፣ ቆመች።

«አነበብኩት» አለች።

«ጥሩ» አለች ደረቋ፣ እርሳሷን ሳታነሳ።

«ነገ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ይመጣሉ። አለቃው ነግሯቸዋል፣ ቀድዳዋለች ብሎ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ እንደፈጠርኩት ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አልነግርም።»

«ለምን?»

«ሰው ላይ መጠቆም አልወድም። ስላንቺ ብዬ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ። አልቀደድኩም እላለሁ። የኔ እሱ ነው። ሌላው ያንቺ ነው።»

«ቢያግዱሽስ?»

እርሳሱ ቆመ። ደረቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች፤ ያ ሁሉ ድርቅና ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ከዕድሜዋ በታች መሰለች። «አባቴን ምን እንደምለው ነው ያስጨነቀኝ። መዘጋቱንስ ለምጄዋለሁ።»

ዋሸች። ሬዲዮ ወዲያው አወቀችባት። ይህ የሚለመድ ነገር ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ ከማንም በፊት በለመደችው። ልትነግራት ፈለገች፤ ግን ትላንት «ነበሩ» ብላ የመሰከረች አፍ ዛሬ ምን ቢል ይታመናል? ቁጥሯን መልሳ ቦርሳዋን ተቀበለችና ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት መምህርቷና ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተከታትለው ገቡ። ምክትሉ ችኩል ሰው ናቸው፤ የቁልፍ መያዣቸውን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ ነው የሚናገሩት። አለቃው ተነስቶ የተዘጋጀበትን ተናገረ፤ መጽሐፉ ሙሉ ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ እሷ ጋ አደረ፣ ሰኞ ጎድሎ መጣ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ምክትሉ ወደ ኋላ እያዩ።

ደረቋ ተነሳች። «ወስጄዋለሁ። አልቀደድኩም።»

«ሳይቀደድ በፊት ስንት ገጽ ነበረው?»

«እኔ ስወስደውም አልነበሩም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አሉና ቁልፋቸውን ጨብጠው ወደ ክፍሉ ዞሩ። «እሺ፣ ጊዜ አናጥፋ። ገጾቹ መጽሐፉ ውስጥ እንደነበሩ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ አለቃው አወጣ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፣ ከዚያ የመሃሉ። አንዱ ሌላውን እያየ፣ ክፍሉ በእጅ ተሞላ። ከነዚህ እጆች መካከል ከማክሰኞ በፊት መጽሐፉን አንድ ጊዜ እንኳን የገለጠ አልነበረም። እግሩ ተሰብሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት ያልመጣው ልጅ ራሱ ክራንቹን በግራው ይዞ ቀኝ እጁን አውጥቷል። መምህርቷ ከእጅ ወደ እጅ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ያላየ ሁሉ እየመሰከረ መሆኑ የገባቸው ይመስላሉ።

ሬዲዮ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ከጎኗ ያለችው ልጅ በክርን ጎሸም አደረገቻት። «አውጪ እንጂ! ያምሻል እንዴ?» ከፊት አለቃው ዞሮ በዓይኑ ለመናት። አሁን ብታወጣ ሁሉም ነገር ያልቃል። ነገ ማዞሪያው ድረስ ይሸኟታል፣ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ስትተርክ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠሉላታል። ባታወጣ ደግሞ ከነገ ጀምሮ «አንቺ» ብሎ ማስመሪያ የሚለምናት እንኳን አይኖርም። ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። ብቸኝነት ከማያውቀው ሰው ይልቅ ለሚያውቀው ይከብዳል።

«አንባቢዋ አንቺ አይደለሽ?» አሉ ምክትሉ። «ምነው እጅሽ?»

ሬዲዮ ተነሳች።

«መጽሐፉ ሲሰጠኝም ገጾቹ አልነበሩም» አለች። የገዛ ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰማት። «እሷ አልቀደደችውም። ማክሰኞ ‹ነበሩ› ያልኩት ውሸቴን ነው። ዳቦ ጋጋሪዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከራሴ።»

እጆቹ መውረድ ጀመሩ። አንዱ ፀጉሩን የሚያክክ መስሎ አወረደ፣ ሌላዋ ኮሌታዋን ለማስተካከል። ባለ ክራንቹ ልጅ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አየር ላይ ትንሽ ቆየ። «ሸወደችን እኮ!» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ተሰማ። ከጎኗ ያለችው ልጅ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«ለምን?» አሉ መምህርቷ። በዝቅተኛው ድምፃቸው ነበር፤ ግን እንደ ማክሰኞው አይደለም።

ሬዲዮ ሰበብ ፈለገች፤ የገጹ መጉደል፣ የፈተናው መቅረብ። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«እንዳይሄዱብኝ ነው» አለች።

ምክትሉ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ከእረፍት በፊት ቢሮ ትመጪያለሽ። እናትሽንም ነገ ይዘሽ ነዪ የምልሽ ይመስለኛል» አሉና ደረቋን በእጃቸው «ተቀመጪ» ብለው ወጡ።

«አንቺም ተቀመጪ» አሉ መምህርቷ።

ሬዲዮ አልተቀመጠችም። አለቃው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ፊት ለፊቷ ያሉት ጀርባቸውን ነው የሰጧት፤ አንዱም አያያትም። በደረጃው ላይ ቢሆን አሁን ተነስተው በሄዱ ነበር። እዚህ ግን ክፍለ ጊዜው ገና ሠላሳ ደቂቃ ይቀረዋል።

«ቲቸር» አለች፤ «ምዕራፉን አንብቤዋለሁ። ልንገራቸው?»

መምህርቷ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

ሬዲዮ ሆዷን አልገፋችም፣ በአፍንጫዋም አልተናገረችም። ለማን እንደምታወራ ሳታውቅ፣ ዴስኩን በሁለት እጇ ይዛ ጀመረች።

«ጀልበኛው እስኪመሽ ድረስ ጠበቀ» አለች። «ማንም አልመጣም።»